ዳኛው «2» ብሎ ዝም ሲል ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በተንጠለጠሉ ዘንጎች መሃል በጀልባ እያለፍን የምንወዳደርበት የካያክ ስላሎም ተወዳዳሪ ነኝ። ፍጥነቴ ጥሩ ነው፣ ችግሬ ቅጣት ነው። ባለፈው ውድድር በመጀመሪያው ዙር ሦስት በር ላይ ሁለት ሁለት ሰከንድ ተጨመረብኝ። አንዱን አውቀዋለሁ፣ በመቅዘፊያዬ ነው የነካሁት። ሁለቱ ግን ምንም አልተሰማኝም። ከውሃ እንደወጣሁ ወደ ዳኛዋ ሄጄ "እኔ አልነካሁም፣ የት ጋ ነው የነካሁት?" ስላት "ሥራ ላይ ነኝ፣ ከዚህ ሂጂ" አለችኝ። አሰልጣኜ ደግሞ "ዳኛ ካለ አለ ነው፣ ዝም ብለሽ ንጹሕ ቅዘፊ" ይለኛል። ምኑን እንደማስተካክል ሳላውቅ እንዴት ነው ንጹሕ የምቀዝፈው? ዳኞች ሊነግሩን አይገባም ወይ? ወይስ መጠየቄ ራሱ ጥፋት ነው? — ያልተሰማት ቀዛፊ»

መልስ፦

እህቴ፣ መጠየቅሽ ጥፋት አይደለም። ያልሰራልሽ የጠየቅሽበት ሰዓትና አጀማመርሽ ነው። «አልነካሁም» ብለሽ ስትጀምሪ ዳኛዋ የሰማችው ክርክር ነው። በዚያ ላይ ቀጣዩ ቀዛፊ እየወረደ ነው፤ ዓይኗን ከበሩ ላይ ለአፍታ ካነሳች የሌላ ሰው ውጤት ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ «ሂጂ» ማለቷን በክፉ አትያዢባት። ለስለስ አድርጋ «ውድድሩ ሲያልቅ ነይ» ብትልሽ ግን በጣም ጥሩ ነበር።

ከአሰልጣኝሽ ጋር ደግሞ በግማሹ እስማማለሁ። ውሳኔው የዳኛ ነው፣ እሺ። «ዝም ብለሽ ንጹሕ ቅዘፊ» የሚለው ግን የት ቦታ፣ ምንሽን፣ መቼ እንደምታስተካክዪ አይነግርሽም። አንቺ የጠየቅሽው ደግሞ እሱን ነው።

እኔ የማምነው ይሄን ነው። ዳኛን ፍርድሽን ቀይሪ ካልሻት ትከላከላለች፣ ያየሽውን ንገሪኝ ካልሻት ግን ትነግርሻለች። አብዛኛው ዳኛ ስፖርቱን የሚወድ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ዳር ተቀምጦ ቀዛፊ ሲያይ የሚውል ሰው ነው። ያየውን ቢናገር ደስ ይለዋል። የሚጠይቀው ግን የለም፤ ወደ እሱ የሚመጣው ሁሉ የሚመጣው ለመጨቃጨቅ ነው።

ስፖርቱን ለማያውቁ አንባቢዎቼ ባጭሩ ላስረዳ። በስላሎም ቀዛፊው በሚናወጥ ውሃ ላይ፣ ከላይ በተንጠለጠሉ ዘንጎች መሃል እያለፈ ይወርዳል። ሁለት ዘንግ አንድ በር ነው። አረንጓዴና ነጭ የተቀባው ከውሃው ጋር ቁልቁል ይታለፋል፣ ቀይና ነጩ ደግሞ ዞሮ ውሃውን ገጥሞ ሽቅብ። በዓለም አቀፉ የካኑ ፌዴሬሽን ደንብ አንድ ኮርስ ከ18 እስከ 25 በር ይኖረዋል። ዘንጉ በጀልባ፣ በመቅዘፊያ ወይም በሰውነት ከተነካ 2 ሰከንድ ይጨመራል። በሩ ከተዘለለ ወይም እንደ ደንቡ ካልታለፈ 50 ሰከንድ። በአንድ በር ላይ ሁለቱንም ዘንግ ብትነኪ፣ ደጋግመሽም ብትነኪ ያው 2 ነው።

2 ሰከንድ ስትሰሚው ትንሽ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች ካያክ ፍጻሜ እንግሊዛዊው ጆ ክላርክ ስሎቬኒያዊውን ፒተር ካውዘርን የበለጠው በ0.17 ሰከንድ ነው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሆነው ደግሞ የበለጠ ያማል። አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ፎክስ በካያክ ፍጻሜው ኮርሱን በ102.73 ሰከንድ ጨረሰች። ሁለት በር ስለነካች 4 ተጨምሮባት 106.73 ሆነ። ወርቁን ምንም ሳትነካ በ105.50 የጨረሰችው ጀርመናዊቷ ሪካርዳ ፉንክ ወሰደች፤ ፎክስ ነሐስ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ያቺው ፎክስ በካኑ ውድድር፣ ማለትም ተንበርክኮ በአንድ ጫፉ ብቻ ጠፍጣፋ በሆነ መቅዘፊያ በሚቀዘፍበት፣ ንጹሕ ቀዝፋ ወርቅ አገኘች። የዓለም ምርጥ የምትባለውም ትነካለች ማለት ነው። አንቺም በመንካትሽ ማፈር የለብሽም፣ ለምን እንደነካሽ ሳታውቂ መቅረትሽ ነው የሚያሳዝነኝ።

አሁን ወደ «አልተሰማኝም» እንምጣ። ይሄን አባባል ከቀዛፊዎች በጣም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አብዛኞቹ ደግሞ እውነታቸውን ነው። ውሸታም እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የስላሎም ካያክ ርዝመቱ ቢያንስ 3.5 ሜትር ነው። አንቺ የምትቀመጪው መሃሉ ላይ ስለሆነ፣ የጀልባሽ ጭራ ከጀርባሽ ወደ አንድ ሜትር ከሰባ ገደማ ርቆ ይከተልሻል። ሽቅብ በር ላይ ስትዞሪ ጭራው ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ አዙረሽ ስትወጪ ደግሞ ብቅ ይላል። ብቅ ሲል ዘንጉን ከሥር ቢያገኘው ይነካዋል። በዚያች ቅጽበት ዓይንሽ የት ነው? ቀጣዩ በር ላይ። ልብሽም እዚያ ነው። ዘንጉ ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ ቀላል ነገር ስለሆነ ሲነካ አይመታሽም፣ ወዝወዝ ብሎ ይቀራል። ውሃው ይጮኻል፣ ጀልባው ራሱ በማዕበል እየተመታ ይንቀጠቀጣል። ታዲያ በምን ይሰማሽ? ከዳር የተቀመጠው ሰው ግን ዘንጉ ሲወዛወዝ በደንብ ያያል።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ቀዛፊ ጭንቅላቱ በዘንጎቹ መሃል ካለፈ በሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። በደንቡ የአንድ በር ማለፍ የሚያበቃው የቀጣዩ በር ሲጀመር ወይም የመጨረሻው መስመር ሲታለፍ ነው። ስለዚህ በሩን አልፈሽ፣ ቀና ብለሽ ወደ ቀጣዩ መቅዘፍ ከጀመርሽ በኋላ የጀልባሽ ጭራ የነካው ዘንግ ያስቀጣሻል። ሁለቱ ያልተሰሙሽ ንክኪዎች እንዲህ ያሉ ቢሆኑ አይገርመኝም። ሌላው ተጠርጣሪ የላይፍ ጃኬትሽ ጀርባና ትከሻሽ ነው፤ ዘንጉን ለማምለጥ ወደ ጎን ስታጎነብሺ ሳይታወቅሽ ይታከከዋል።

ዳኞች አይሳሳቱም ማለቴ አይደለም። ዘንግ በንፋስ ይወዛወዛል፣ የውሃ ፍንጣቂም ያወዛውዘዋል፤ እነዚህ ቅጣት አያስከትሉም። ዳኛው ከተቀመጠበት ቦታ የሩቁ ዘንግ በአንቺ አካል ተሸፍኖ ሊሆንም ይችላል። ጥሩ ዳኛ ሲጠራጠር ለቀዛፊው ያደላል፤ ንክኪውን ራሱን ካላየ፣ ዘንጉ ስለተወዛወዘ ብቻ አይቀጣም። ግን የሰው ዓይን ነው። ለዚህም ነው «ምን አየሽ?» የሚለው ጥያቄ ለዳኛዋም ቢሆን የሚጠቅማት።

እንግዲህ እንዴት ትጠይቂ? መጀመሪያ ሁለት መንገድ እንዳለ ልብ በይ፤ አንዱን ከሌላው አታደባልቂ። ፍርዱ ይቀየርልኝ የምትዪ ከሆነ መንገዱ አቤቱታ ነው። እሱን የሚያቀርበው የቡድን መሪሽ ወይም አሰልጣኝሽ ነው። የሚቀርበው ለዋና ዳኛው እንጂ በሩ ላይ ለተቀመጠችው ሰው አይደለም፤ ጊዜውም አጭር ነው፣ ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ በደቂቃ የሚቆጠር። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት የዚያን ውድድር ደንብ አንብቡና ሰዓቱን እወቁት። በትልልቅ ውድድሮች ቪዲዮ ተከፍቶ ይታያል። በትንንሾቹ ግን ብዙ ጊዜ ከዳኛው ወረቀት ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ «አልተሰማኝም» ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ መማር ነው። እዚህ ላይ ፍርዱን ተቀብለሽ ነው የምትገቢው፣ ከልብሽ። አፍሽ «ለመማር ነው» እያለ ፊትሽ ከተኮሳተረ ዳኛው ያውቅብሻል። ደምሽ እስኪበርድ ጠብቂ። ልብስሽን ቀይሪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ሂጂ።

ለማን? መጀመሪያ ለዋና ዳኛው ወይም የኮርሱን ያን ክፍል ለሚመራው። «የ11ኛውን በር ዳኛ ውድድሩ ሲያልቅ ላነጋግራት እችላለሁ? አቤቱታ የለኝም፣ ያየችውን ብትነግረኝ ብዬ ነው» በዪ። «አቤቱታ የለኝም» የሚለውን አትርሺው፣ ብዙ በር ይከፍታል። ዋና ዳኛው ወረቀቱን ራሱ አውጥቶ ሊያሳይሽም ይችላል፤ በሩ ላይ የሰፈረው ማስታወሻ እዚያ አለ።

መቼ? በምድቦች መካከል ዕረፍት ካለ ያኔ፣ ከሌለ ሁሉም ሲያልቅ። ግን በማግስቱ አይሁን። አስቢው፣ ዳኛዋ በአንድ ቀን ስንት ጀልባ እንዳለፈባት። የለበስሽውን ቁጥር ካልነገርሻት አንቺ ማን እንደሆንሽ አታስታውስም፤ ብታስታውስሽም ምን እንዳደረግሽ አታስታውስም። ስለዚህ ይዘሽላት መሄድ ያለብሽ ነገር አለ፦ የደረትሽን ቁጥር፣ የስንተኛው ዙር እንደነበረ፣ የበሩን ቁጥር፣ የጀልባሽንና የሄልሜትሽን ቀለም። «ቢጫ ጀልባ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ ከበሩ ስወጣ ትንሽ ወደ ኋላ የተንሸራተትኩት» ስትያት ነገሩ ፊቷ ላይ ድቅን ይላል። ወረቀቷ ላይ ማስታወሻ ከጻፈች ደግሞ ከዚያ ታነብልሻለች።

ምን? እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። «ለምን ቀጣሽኝ?» አትበዪ። «ነክቻለሁ ወይ?»ም አትበዪ፣ መልሱ አዎ ነው፣ ውይይቱም እዚያው ያልቃል። በምትኩ፣ የትኛው ዘንግ ነው በዪ። በምኔ ነው፣ በጀልባው አፍንጫ፣ በጭራው፣ በመቅዘፊያው ወይስ በአካሌ? መቼ ነው፣ ስገባ፣ መሃሉ ላይ ወይስ ከወጣሁ በኋላ? ዘንጉ ምን ያህል ተወዛወዘ? በቃ። ከዚህ በላይ ከዳኛ ምንም አያስፈልግሽም። ለእነዚህ መልስ ካገኘሽ «2» የምትለዋ ቁጥር ትርጉም ይኖራታል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ላንሳ፤ ግራና ቀኝ። ዳኛዋ ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ ነው የተቀመጠችው። አንቺ ቁልቁል በር ላይ ወደ ታች ታያለሽ፣ ሽቅብ በር ላይ ደግሞ ወደ ላይ። «የግራው ዘንግ» ስትልሽ የማን ግራ ነው? የዚህ ግራ መጋባት ውጤት፣ ቀዛፊው ለሳምንታት የተሳሳተውን ወገን ሲያርም ይከርማል። ስለዚህ «ወደ እርስዎ የቀረበው ወይስ የራቀው?» ብለሽ ጠይቂ። ወይም በእጇ ትጠቁምሽ። ሽቅብ በር ከሆነ ደግሞ «የውስጡ ወይስ የውጭው?» በዪ፤ የምትዞሪበት ዘንግ የውስጡ ነው፣ እሱ አያምታታም።

መልሱን ስትሰሚ አትከራከሪ። «ኧረ እኔ እዚያ ጋ እንኳ አልደረስኩም» የምትል ቃል ካመለጠችሽ ውይይቱ አለቀ። ልክ ባይመስልሽም ጻፊውና አመስግነሽ ሂጂ፤ ከቪዲዮሽ ጋር ስታስተያዪው እውነቱ ይወጣል። ዳኛዋን «ታዲያ እንዴት ልቅዘፍ?» ብለሽም አትጠይቂያት። እሷ ለሁሉም እኩል መሆን አለባት። ውድድር ላይ ላንቺ የቴክኒክ ምክር ከሰጠች ሌላው ቀዛፊ ቅር ሊለው ይችላል፣ ልክም ነው። የእሷ ድርሻ ያየችውን መናገር ነው፣ መፍትሔው የአሰልጣኝሽና ያንቺ ነው።

መፍትሔው ደግሞ ከመልሱ ብዙም አይርቅም። ሽቅብ በር ላይ የውስጡን ዘንግ በጀልባሽ ጭራ ከነካሽ፣ ምናልባት ቶሎ ነው ያዞርሽው ወይም ሰውነትሽን ወደ ኋላ ጥለሽ ጭራውን አብዝተሽ አስምጠሻል። ስትገቢ በአፍንጫው ከነካሽ ችግሩ ከበሩ በፊት ነው፣ መስመርሽ ላይ፤ በሩ ላይ ምንም ብታደርጊ አይድንም። በመቅዘፊያ ከሆነ፣ ዘንጉ አጠገብ መቅዘፍ ያልነበረብሽን አንድ ምት ቀዝፈሻል፤ ያቺን ምት ወይ ቀደም ማድረግ ወይ መተው። በጀርባሽ ከሆነ በዘንጉ ሥር ማለፉን ቸኩለሽበታል ወይም ቀና ያልሽው ቀድመሽ ነው። እነዚህ አራቱ በውጤት ሰሌዳው ላይ ሁሉም «2» ተብለው ነው የሚጻፉት፤ መንስኤያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። አሰልጣኝሽ አራቱን ለይቶ ካላወቀ የሚሰጥሽ ልምምድ ግምት ነው።

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ እያንዳንዱን ቅጣት በአንድ መስመር ጻፊ፦ ምን ዓይነት በር፣ የትኛው ዘንግ፣ በምን፣ መቼ፣ ተሰምቶሽ ነበር ወይ። የመጨረሻዋን አትዝለያት፤ ላንቺ ጉዳይ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። ጥቂት ውድድሮች ሲያልፉ አንድ ነገር እየተደጋገመ ታያለሽ። የብዙ ቀዛፊዎች ቅጣት በሁሉም በር ላይ አይበተንም፣ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ይከማቻል።

ልምምድ ላይ ደግሞ ይሄን ሞክሩ። አንድ ጓደኛሽ ዳር ይቀመጥና እንደ ዳኛ ይጻፍ። አንቺ ስትጨርሺ፣ እሱ ምንም ሳይናገር፣ የት የት እንደነካሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ከዚያ አስተያዩ። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ይሆናል። እየቆየ ይጠባል፤ የጀልባሽ ጭራ ያለበት ቦታ ይታወቅሻል፣ ውድድር ላይም «አልተሰማኝም» የምትይው እየቀነሰ ይሄዳል። ይሄ ልምምድ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ቡድን ይንቀዋል። እኔ ግን ለቅጣት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ደግሞም አንድ ቀን ራስሽ ዳኚ። ከምር ነው የምልሽ። ብዙ የክለብ ውድድር ዳኛ ያጥረዋል፣ አዘጋጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ነው የሚቀበሉሽ። ዳር ተቀምጠሽ፣ ዘንጉን ላፍታ ሳትለቂ ስታይ፣ ቀዛፊው የማያየውን ታያለሽ። ጎበዝ ቀዛፊ ከበሩ ሲወጣ ጭራው በዘንጉ ሥር እንዴት እንደሚያልፍ፣ ዘንጉ በውሃ ሲመታና በጀልባ ሲነካ አወዛወዙ እንዴት እንደሚለያይ፣ አንዱን በር ስትጽፊ ሌላው እንዳያመልጥሽ ምን ያህል እንደምትጨነቂ። ዳኝተው የሚያውቁ ቀዛፊዎች ጥያቄያቸው አጭርና ጥርት ያለ ነው፣ ዳኞቹም ያውቋቸዋል። ምናልባት ያቺን «ሂጂ» ያለችሽን ሴት አጠገቧ ተቀምጠሽ ትተዋወቂያት ይሆናል።

50 ስለሚባለው አልጠየቅሽኝም፣ ግን አንድ ቀን ይመጣብሻልና ልጨምር። 50 ሲሰጥሽ ምክንያቱን ማወቅ የግድ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ናቸውና። በሩ በትክክል ታልፏል የሚባለው ጭንቅላትሽ ሙሉ በሙሉ፣ ከጀልባው ቢያንስ ከፊሉ ጋር፣ በዘንጎቹ መካከል ያለውን መስመር በትክክለኛው አቅጣጫ ሲያልፍ ነው። ጭንቅላትሽ ከዘንጉ ውጭ ቀርቶ ነው? ተገልብጠሽ ጭንቅላትሽ ውሃ ውስጥ እያለ ነው ያለፍሽው? ወይስ ዘንጉን ሆን ብለሽ ገፍተሻል ተብሎ ነው? የመጨረሻው ከሆነ «ሆን ብላ ነው ያሰኘሽ ምንድን ነው?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። እዚህ ላይ መልሱ ብዙ ያስተምራል፤ ዳኛው የሚያየው የእጅሽን እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን ሳትገፊው ማለፍ ትችዪ ነበር ወይ የሚለውንም ጭምር ነው። 50 ላይ ደግሞ ከ2 ይልቅ አቤቱታ የማቅረቡ ነገር ሊያስኬድ ይችላል፣ ስለዚህ አሰልጣኝሽ ቶሎ ይወቀው።

ይሄን ዓምድ የሚያነቡ ዳኞችና አዘጋጆችም አሉ፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። «ሊነግሩን አይገባም ወይ?» ብላ የጠየቀችው ልጅ እውነት አላት። ቁጥሩ አጠገብ ሁለት ፊደል መጻፍ ምን ይጎዳል? ለቀረበው ዘንግ አንድ፣ ለራቀው አንድ፣ ለጭራ አንድ፣ ለመቅዘፊያ አንድ ምልክት ተስማሙ። ለ50 ደግሞ አጭር ማብራሪያ ወይም ትንሽ ሥዕል። ይሄ ማስታወሻ አቤቱታ ሲመጣ እናንተንም ያድናችኋል፤ የጻፈ ዳኛ የሚለውን ያውቃል፣ ያልጻፈ ግን «አይቻለሁ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ውጤት ስትለጥፉም አጠቃላይ ቅጣቱን ብቻ አትለጥፉ፣ በየበሩ ለዩት፤ በዓለም አቀፍ ውድድሮች እንዲህ ነው የሚደረገው። ከውድድሩ በኋላ ዋና ዳኛው ለጥቂት ጊዜ አንድ ቦታ ቆሞ፣ ወረቀቶቹን ይዞ፣ መጠየቅ የፈለገ ይምጣ ቢል ምን ያህል ኩርፊያ እንደሚቀር አስቡት። በፍጥነት ውድድር፣ በጸጥተኛው ውሃ ላይ፣ ተወዳዳሪ ሲሰረዝ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ዓለም አቀፉ ደንብ ያዛል። የ2 ሰከንድ ቅጣት መሰረዝ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ምክንያቱን ማወቅ ለቀዛፊው ያው አስፈላጊ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። አሰልጣኝሽን አትጋፊው፣ ግን ሥራ ስጪው። በሚቀጥለው ውድድር ወይ እሱ ወይ አንድ የቡድን ጓደኛሽ ብዙ ጊዜ የምትነኪበት ዓይነት በር ጋ ቆሞ በስልክ ይቅረጽሽ። ሁሉንም በር አይቅረጽ፤ ሩቅና የተንቀጠቀጠ ቪዲዮ ላይ ንክኪ አይታይም። አንድ ወይም ሁለት በር በቅርብ፣ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ እንዲታይ፣ የጀልባሽ ጭራ እስኪያልፍ ድረስ ሳያቋርጥ። ቀዛፊው ካለፈ በኋላም ትንሽ ይቆይ፣ ብዙ ንክኪ የሚያመልጠው ቀራጩ ቀዛፊውን ተከትሎ ካሜራውን ሲያዞር ነው። ለመቅረጽ የሚቆምበትን ቦታ ከአዘጋጆቹ ያስፈቅድ፣ የዳኛ ዓይን እንዳይጋርድ።

ውድድሩ ሁለት ዙር ካለው፣ ከመጀመሪያው በኋላ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። በኦሊምፒክ ማጣሪያም ሁለት ዙር ተቀዝፎ የተሻለው ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው የነካሽውን በር በሁለተኛው ማረም ትችያለሽ። ቅጣቱ በየበሩ ተለጥፎ እንደሆነ እዪ። የበሩን ቁጥር ያዢ፣ ቪዲዮውን እዪ። አሰልጣኝሽ ዋና ዳኛውን «የትኛው ዘንግ፣ በምን?» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠይቅ። መልስ ከተገኘ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ አንድ በር ላይ። ሁሉንም ቅጣት በአንዴ አጠፋለሁ ብለሽ ተጠንቅቀሽ ከቀዘፍሽ ፍጥነትሽን ታጪዋለሽ፤ እሱ ደግሞ ያለሽ ትልቁ ሀብት ነው።

ዳኛዋ «አላስታውስም» ካለችሽስ? ይሆናል፣ አትቀየሚ። አመስግኛት። ከዚያ ቀጥለሽ «እዚያ በር ላይ ዛሬ ብዙ ሰው ነክቷል? በብዛት በምን ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት። አንቺን ባታስታውስ የቀኑን ነገር ታስታውሳለች። «አብዛኛው ሰው ሲወጣ የውስጡን ዘንግ በጭራው ነው የነካው» ካለችሽ፣ በሚቀጥለው ልምምድ የት እንደምትጀምሪ አወቅሽ። እንዴት እንደሄደልሽ ጻፊልኝ።